መያዝና መልቀቅ፦ የሰርጌይ ኮሮልዮቭ ሕይወት ከመንኮራኩር ክፍሎች መለያያ አንጻር

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ በእንጦጦ የምርምር ማዕከል የተሰበሰቡ ሰዎች ዓይናቸውን በስክሪን ላይ ተክለው ነበር። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ ቻይና ውስጥ ከሚገኘው የታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተጭና ተወነጨፈች። የዕለቱ ምስል ሆኖ በብዙዎቻችን አእምሮ የቀረው ሮኬቱ ከመሬት ሲነሣ የታየው እሳት ነው። የምሕንድስና ሰው ግን ትንፋሹን የሚይዘው ከእሳቱ በኋላ፣ ሳተላይቷ ከተሸካሚዋ በምትለቀቅበት ቅጽበት ነው። ያ ቅጽበት ካልተሳካ ከዚያ በፊት የተሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በእጅ ገብቶ የሚያስተካክለውም የለም።

የመለያያ መሣሪያ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎችን ይሸከማል። ሮኬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲፋጠንና ሲሞቅ ክፍሎቹን እንደ አንድ አካል አጥብቆ መያዝ አለበት፤ በታዘዘበት ሰከንድ ደግሞ ምንም ሳያስቀር መልቀቅ ይኖርበታል። በጎዛምን ያደገ ሰው ይህን ችግር ከሞፈርና ከቀንበር ያውቀዋል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ምራን ቀኑን ሙሉ የበሬዎቹን ጉልበት ተሸክሞ ይውላል፤ ዝናብ የጠጣ ጠፍር ግን ማታ በቀላሉ አይፈታም። ገበሬው ቢቸግረው በቢላዋ ይቆርጠዋል። በምሕዋር ላይ ቢላዋውም አስቀድሞ መታሰብ፣ መመዘንና መሞከር አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሶቪየት ኅብረት የሮኬትና የመንኮራኩር ዋና ነዳፊ የነበረውን የሰርጌይ ፓቭሎቪች ኮሮልዮቭን ሕይወት ነው። ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፤ በአብዛኛው የሚነገረው ግን ወደ ላይ ስላወጣው ነገር ነው። እኔ የመረጥሁት ጎን ክፍሎችን ስለ መለያየት የወሰናቸውን ውሳኔዎች ነው፤ ምክንያቱም የነደፈው ሥርዓት ሰውን የታደገውም ለአደጋ ያጋለጠውም በዚህ ጎን በኩል ነበርና። በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርእሱ ለአካባቢያችን ሩቅ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ከጎበኙ በኋላ በሶቪየት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋም በ1963 ሲከፈት፣ ባሕር ዳር ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ በሆነው በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። በዚያ ተቋም ከተማሩት አንዱ የነበሩት ቅጣው እጅጉ ኋላ በአሜሪካ የጠፈር ምሕንድስና ባለሙያ ሆነው ሠርተዋል። ለተቋሙ ገንዘብና መሣሪያ የሰጠው መንግሥት በነዚያው ዓመታት የሮኬት ነዳፊውን ስም እንደ ምሥጢር ይጠብቅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ዳር ተማሪዎች ስለ ጋጋሪን ሲሰሙ መንኮራኩሩን የነደፈውን ሰው ስም የሚያገኙበት መንገድ አልነበረም።

ኮሮልዮቭ ጥር 12 ቀን 1907 በዩክሬን ዢቶሚር ከተማ ተወለደ። አባቱ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ስለተለያዩ በእናቱ ወላጆች ቤት በኒዢን አደገ። እናቱ ኋላ መሐንዲስ አገባች፤ ቤተሰቡም ወደ ኦዴሳ ሄደ። በኦዴሳ የግንባታ ሙያ ትምህርት ቤት የጣሪያ ክዳን ሥራ ተማረ፤ ከወደቡ የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ ሳይለይ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ሳለ ሞተር አልባ አውሮፕላን ነደፈ። በኪየቭ ፖሊቴክኒክ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ሞስኮ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ የምረቃ ሥራውን የመራለት ታዋቂው የአውሮፕላን ነዳፊ አንድሬይ ቱፖሌቭ ነበር። ከ1931 ጀምሮ ከፍሪድሪኽ ጻንደር ጋር በሞስኮ የሮኬት ጥናት ቡድን ውስጥ ሠራ፤ ነሐሴ 17 ቀን 1933 ቡድኑ የሠራት ትንሽ ሮኬት 400 ሜትር ያህል ወጣች።

ሰኔ 27 ቀን 1938 በስታሊን ዘመን እንደታሰሩት እልፍ ሰዎች እርሱም በሐሰት ክስ ታሰረ፤ በምርመራ ተደበደበ፤ አሥር ዓመት ተፈረደበት። በሩቅ ምሥራቅ ኮሊማ በሚገኝ የወርቅ ማዕድን ማውጫ በረኃብና በቫይታሚን እጥረት በሽታ ጥርሶቹን አጣ። ክሱ እንደገና ታይቶ ቅጣቱ ወደ ስምንት ዓመት ዝቅ ካለ በኋላ፣ እስረኞች በንድፍ ሥራ ወደሚያገለግሉበት ቢሮ ተዛወረ፤ በዚያም ራሱ እስረኛ በነበረው በቱፖሌቭ ሥር ሠራ። በ1944 ተፈታ። ከክሱ ሙሉ በሙሉ ነጻ የተባለው በ1957 ነው፤ ስፑትኒክ ከመወንጨፏ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። መንጋጋው ላይ የደረሰውን ጉዳት አንባቢ ያስታውሰው፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በ1945 ወደ ጀርመን ተልኮ ቪ-2 የተባለውን ሮኬት አጠና። በቀጣዩ ዓመት በሞስኮ አጠገብ በተቋቋመው የምርምር ተቋም የረጅም ርቀት ሚሳኤሎች ዋና ነዳፊ ሆነ። ስታሊን ያዘዘው ቪ-2ን እንዳለ እንዲቀዱ ነበር፤ ቅጂው አር-1 በ1948 በካፑስቲን ያር ተሞከረ። የኮሮልዮቭ የመጀመሪያው የመለያየት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ቅጂ ድክመት ነው። ቪ-2 ወደ ዒላማው የሚወርደው ባዶ ታንኩንና ሞተሩን ሁሉ ይዞ ነው። ስለዚህ አካሉ በሙሉ ወደ አየር ሲመለስ የሚገጥመውን ሙቀትና ጫና እንዲችል ተደርጎ መሠራት ነበረበት፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ በአየር ላይ ይበታተኑ ነበር። ኮሮልዮቭ የሮኬቱ ጭንቅላት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቢለቀቅ ቀሪው አካል መትረፍ እንደማያስፈልገው አየ። በ1949 አር-1ኤ በተባለው ሮኬት ላይ ሐሳቡ ተሞከረ፤ 600 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው አር-2ም ተለያይ ጭንቅላት ይዞ ወጣ። ታንኮቹ ቀለል እንዲሉ የተፈቀደው መለያያው ስለታመነ ነው። እነዚህ ሁሉ የጦር መሣሪያዎች እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም፤ በኋላ ሰው የተመለሰበት ዘዴ የተወለደው ከዚህ ነው።

በ1954 የታዘዘው አር-7 ከዚህ ሁሉ የላቀ ነበር። አህጉር ለማቋረጥ ሮኬቱ ከአንድ ደረጃ በላይ ሊኖረው ግድ ነው። የተለመደው አሳብ አንዱን ደረጃ በሌላው ላይ መደራረብ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ግን ሞተር አየር በሌለበት ከፍታ በእርግጠኝነት መቀጣጠሉን ማንም ሊምል አይችልም ነበር። ሚኻይል ቲኾንራቮቭና ባልደረቦቹ ሲያጠኑት የቆዩትን የጥቅል አሠራር ኮሮልዮቭ የተቀበለው ለዚህ ነው፦ አንድ መካከለኛ ክፍልና በዙሪያው አራት የጎን ክፍሎች፣ ሁሉም መሬት ላይ እያሉ ይቀጣጠላሉ። የማቀጣጠል ስጋት በዚህ ተወገደ። በምትኩ ሌላ ስጋት መጣ፤ እያንዳንዳቸው 19 ሜትር የሚረዝሙ አራት አካላት፣ ሞተሩ እየነደደ ከሚሮጥ ሮኬት ጎን በአንድ ጊዜ፣ ሳይነኩት መውጣት አለባቸው።

መፍትሔው ዛሬም ለሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ሊታይ የሚገባው ነው። ሾጣጣው የጎን ክፍል በአናቱ ላይ ድቡልቡል ጫፍ አለው፤ ጫፉ በመካከለኛው ክፍል ላይ ባለ ጎድጓዳ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ወደ ላይ ያስተላልፋል። ሞተሩ እየገፋ እስካለ ድረስ ጫፉ ከመቀመጫው ሊወጣ አይችልም፤ የሚይዘው የገዛ ግፊቱ ነው። በግርጌ ያሉት ማሰሪያዎች ክፍሉ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ይጠብቁታል። የመለያያው ጊዜ ሲደርስ የሞተሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የግርጌ ማሰሪያዎቹ ይለቃሉ። የቀረው ግፊት ክፍሉን በአናቱ ዙሪያ እንደ በር ወደ ውጭ ያዞረዋል። ግፊቱ ሲሞት ድቡልቡሉ ጫፍ ከመቀመጫው ይንሸራተታል፤ በዚያ ቅጽበት አንድ ትንሽ የንክኪ ጠቋሚ ነጻ ይወጣና በኦክስጅን ታንኩ አናት ላይ ያለው ቫልቭ እንዲከፈት ያዛል። የሚያመልጠው ጋዝ አናቱን ከመካከለኛው ክፍል ያርቀዋል። ከመሬት የሚያይ ሰው አራቱ ክፍሎች ሲገለባበጡ በሰማይ ላይ መስቀል ይመለከታል፤ ዛሬ የኮሮልዮቭ መስቀል እየተባለ ይጠራል።

በዚህ ንድፍ ውስጥ ለኔ ትልቁ ነገር የተጨመረው ሳይሆን የተተወው ነው። ከባድ ሞላ የለም፤ ከአናቱ የሚያፈናቅል ፈንጂም የለም። ክፍሉን የሚያርቀው ኃይል ሮኬቱ አስቀድሞ የያዘው ነው፤ የተረፈ ግፊትና የተረፈ ጋዝ። የተረፈ ግፊት በሌላ ሥርዓት ጠላት ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 2008 ፋልከን 1 የተባለው የአሜሪካ ሮኬት በሦስተኛ በረራው የወደቀው፣ የታችኛው ደረጃ ከተለቀቀ በኋላ በሞተሩ የቀረው ጥቂት ግፊት ወደ ፊት ገፍቶት የላይኛውን ከኋላው ስለመታው ነው። ኮሮልዮቭና ባልደረቦቹ ይህንኑ ኃይል ወደ ሥራ አስገቡት።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ግንቦት 15 ቀን 1957 በተደረገው የመጀመሪያ በረራ ከጎን ክፍሎቹ በአንዱ እሳት ተነሥቶ ክፍሉ ያለ ጊዜው ተገነጠለ። ሐምሌ 12 ቀን ደግሞ በመቆጣጠሪያው ብልሽት ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር አራቱም ክፍሎች ከግማሽ ደቂቃ ጥቂት በለጥ ባለ ጊዜ ተበታተኑ። ሁለቱም ያለጊዜው የመለያየት ውድቀቶች ናቸው፤ የመለያያ መሣሪያ ባለመልቀቅ ብቻ ሳይሆን በመልቀቅም እንደሚወድቅ ያሳያሉ። ነሐሴ 21 ቀን ሮኬቱ ካምቻትካ ደረሰ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ስፑትኒክ ተወነጨፈች፤ ሞተሩ ከጠፋ ከ20 ሰከንድ ያህል በኋላ ከተሸካሚዋ ተለየች። የቆይታው ዓላማ ግልጽ ነው፤ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሞት መጠበቅ።

ቮስቶክ የተባለችው የሰው መንኮራኩር ሁለት ክፍሎች ነበሯት፦ ጠፈርተኛው የሚቀመጥባት 2.3 ሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል የመመለሻ ክፍል፣ ከኋላዋም የፍሬን ሞተሩን የያዘው የመሣሪያ ክፍል። ድቡልቡል ቅርጽ የተመረጠው መሪ ስለማያስፈልገው ነው። የክብደት ማእከሏ ወደ አንድ ጎን ስላደላ፣ አየር ስትነካ እንደ ጥሩ አሻንጉሊት በራሷ ትስተካከላለች። ነገር ግን ይህ ጥበብ የሚሠራው ብቻዋን ስትሆን ነው። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን የመሣሪያ ክፍል እየጎተተች ከገባች የስሌቱ መሠረት ይፈርሳል።

ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዙት አራት የብረት ቀበቶዎች ሲሆኑ በፈንጂ ቁልፍ ይለቀቁ ነበር። የኤሌክትሪክ ገመድ ጥቅልም በመካከላቸው ያልፋል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እናስገባ። አራት ነጻ ቁልፎች ሁሉም መክፈት ካለባቸውና የእያንዳንዳቸው አስተማማኝነት 0.999 ከሆነ፣ የጠቅላላው 0.996 ይሆናል፤ ቁልፍ በጨመርን ቁጥር ይወርዳል። በየቁልፉ ሁለት ፈንጂ ቢኖርና አንዱ ብቻ ቢበቃ፣ አስተማማኝነታቸው 0.99 የሆነ ሁለት ደካማ ፈንጂዎች 0.9999 ይሰጣሉ፤ የአራቱ ቁልፎች ድምር 0.9996 ይደርሳል። ስሌቱ ግን አንድ ነገር ይደብቃል፤ ሁለቱ ፈንጂዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከአንድ ምንጭ ከሆነ ምንጩ ሲታፈን ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. የሆነው ለዚህ የቀረበ ነው። ዩሪ ጋጋሪን ዓለምን አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ የፍሬን ሞተሩ ከታሰበው አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ጠፋ። ሞተሩ ሥራውን በደንቡ ስላልፈጸመ የተለመደው የመለያያ ትእዛዝ ሳይተላለፍ ቀረ፤ መንኮራኩሯም በሰከንድ 30 ዲግሪ ያህል እየተሽከረከረች ሁለቱ ክፍሎች እንደተያያዙ ወረደች። መለያየቱ የተከናወነው 10 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲተረክ የኖረው፣ ክፍሎቹን የያዘው ገመድ በሙቀት ተቃጥሎ እንደተበጠሰ ነበር። ኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች ግን ወደ ሌላ ያመለክታሉ፤ ዋናው ትእዛዝ ባይመጣ የአየሩን ሙቀት አይተው እንዲያዝዙ በተጠባባቂነት የተተከሉ የሙቀት ጠቋሚዎች ነበሩ። ተጠባባቂው ከዋናው ጋር ምንም የጋራ ምንጭ አልነበረውም። ምልክቱን የሚወስደው ራሱ አደጋ ከሚሆነው ሙቀት ነው። ጋጋሪን መዘግየቱን አስተውሎ ሳለ በሬዲዮ ያስተላለፈው ምልክት ሁሉ ደህና መሆኑን ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ማድነቅ ይከብደኛል። ለሕዝብ የተነገረው በረራው እንከን አልባ እንደነበረ ነው። በቮስቶክ 2 እና በቮስቶክ 5 ክፍሎቹ በንጽሕና ሳይለያዩ ቀሩ። መጋቢት 1965 አሌክሴይ ሊዮኖቭ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠፈር ከወጣበት ከቮስኾድ 2 በረራ ሲመለሱ፣ እርሱና ፓቬል ቤሊያዬቭ የመሣሪያው ክፍል በገመድ ተይዞ እየተሽከረከሩ ወረዱ። ሰው በየጊዜው ስለተረፈ ስህተቱ እንደ ተቻለ ነገር ተቆጠረ። በኮሮልዮቭ ላይ በየዓመቱ አዲስ ድል የሚጠይቁ መሪዎች ነበሩበት፤ ልቡም በ1960 መጨረሻ አንድ ጊዜ ተጎድቶ ነበር። ይህ ሁሉ ነገሩን ያስረዳል፤ ተደጋጋሚ ምልክትን ችላ ማለትን ግን ትክክል አያደርገውም። ውድቀት በምሥጢር ሲያዝ ከሌላ ቢሮ፣ ከሌላ አገር የሚመጣ ጥያቄም አብሮ ይታፈናል።

በነዚህ ዓመታት የሶዩዝን ንድፍ ጀመረ። ሦስት ክፍሎች አሏት፤ ለመኖሪያ፣ ለመመለሻና ለመሣሪያ። ከባዱን የመኖሪያ ክፍል ከሙቀት መከላከያ ውጭ አድርጎ ጥሎ መምጣት ክብደት ያድናል፤ ነገር ግን ወደ ቤት ለመመለስ ሁለት መለያያዎች መሥራት አለባቸው ማለት ነው። ስትበር አላያትም። በጥር 1966 ቀላል ናት ለተባለች የአንጀት ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። የጤና ሚኒስትሩ ቦሪስ ፔትሮቭስኪ ራሱ ሲከፍተው ያልታሰበ ዕጢ አገኘ፤ ሥራው ረዘመ። በእስር ዘመን የተጎዳው መንጋጋ በሚገባ ስለማይከፈት የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት እንዳስቸገረ ይነገራል። ጥር 14 ቀን 59 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ሞተ። ስሙና ሥራው በአንድነት በጋዜጣ የወጡት ከሞቱ በኋላ ነው፤ አመዱ በክሬምሊን ግንብ ተቀመጠ።

ሶዩዝ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ያለ ሰው በረረች። ጥር 1969 የሶዩዝ 5 የመሣሪያ ክፍል አልለይ ብሎ ቦሪስ ቮሊኖቭ መከላከያ በሌለው ፊት በኩል ወደ አየር ገባ፤ የበሩ ማሸጊያ መጨስ ሲጀምር ማያያዣዎቹ በሙቀትና በጫና ተሰበሩ፣ የመመለሻ ክፍሉም ተስተካክሎ በኡራል አካባቢ አረፈ። በ2008 ሚያዝያ ሶዩዝ ቲ.ኤም.ኤ-11 ተመሳሳይ ችግር ገጠማት። ጥርጣሬው ያረፈው በፈንጂ ብሎኖቹ ላይ ነበር። በሐምሌ ወር ሁለት ጠፈርተኞች ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥተው፣ ጣቢያው ላይ ከቆመችው ሶዩዝ አንዱን ፈንጂ ብሎን በእጃቸው ፈትተው በልዩ መያዣ አስቀመጡት፤ ወደ ምድርም ለምርመራ መጣ። ጉድለት በዝምታ ሳይሆን በዝርዝር የተፈተሸበት ዘመን ነበር።

አራቱ የጎን ክፍሎች ግን እስከ ዛሬ በዚያው በድቡልቡል ጫፍና በጎድጓዳ መቀመጫ ይለያያሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2018 ሶዩዝ ኤም.ኤስ-10 ከባይኮኑር ስትነሣ፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ ከክፍሎቹ አንዱ ከመካከለኛው ጋር ተጋጨ። ሰው የያዘው ክፍል በማምለጫ ሥርዓቱ ተነጥቆ አሌክሴይ ኦቭቺኒንና ኒክ ሄግ በሰላም አረፉ። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት ሮኬቱ ሲገጣጠም የተጣመመ የንክኪ ጠቋሚ ነው፤ ማዛነፉ ከ7 ዲግሪ ያነሰ ነበር። ጠቋሚው ነጻ ስላልወጣ ቫልቩ አልተከፈተም፤ ቫልቩ ስላልተከፈተ አናቱ አልራቀም። ሁለቱ ሰዎች መጋቢት 14 ቀን 2019 በዚያው ዓይነት ሮኬት እንደገና ወጡ፤ አራቱም ክፍሎች በጊዜያቸው ተለዩ።